ከኋላ የሚሄድ አይናገርም

አፍየ ሳጥኑን አንስታ ካለፈው ሳጥን ጋር አስጠጋችና በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት የለበትም፤ ከሙዚየሙ መስኮት ቁልቁል ለሚያይ ሰው አደባባዩ ሳጥን የተደረደረበት ሳይሆን አበባ ያበቀለ ሜዳ መምሰል አለበት። ቱሊፖቹ ገና አልፈኩም። ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ሽንኩርት ከሚመስለው ራሳቸው ጋር በስስ አፈር ላይ ቆመዋል።

«ይሄኛው ጎብጧል፤» አለ አባቷ ከበስተኋላዋ። ሲመን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ተንበርክኮ የሳጥኖቹን ጠርዝ በመዳፉ ይለካል።

«አባዬ፣ መሬቱ ነው የጎበጠው።»

«መሬት አይጎብጥም። አምስተርዳም ናት የምትጎብጠው።»

በየዓመቱ በጥር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ የአበባ አምራቾች ከየመንደራቸው መጥተው በሙዚየሞቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የአንድ ቀን አትክልት ያበጃሉ። ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው ይገባና በነጻ ይነቅላል፤ ለአንድ ሰው ሃያ ፍሬ። ሲመን ይህን ቀን «ጠዋት ተክለን ከሰዓት የምንዘረፍበት በዓል» ይለዋል፤ አንድም ዓመት ግን ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ ቀይ ብቻ ነው ያመጡት። ሐምራዊውን አላመጡትም።

ከወዲያ በኩል፣ ከበረዶ መንሸራተቻው፣ የብረት ጫማ ፍጭትና የሕጻናት ጩኸት ይመጣል። ከወዲህ በኩል፣ ከቀዩ መደብ ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ የጎረቤታቸው የዌሰል ቢጫ መደብ አለ። አዘጋጆቹ ቦታ ያከፋፈሉት በመንደር ነው፤ የሰው ጸብ አያውቁም።

«አፍየ!» አለ ዌሰል፣ የታመመ ጉልበቱን እያሸ። «ለአባትሽ ንገሪው፤ ሳጥኑ ሁለት ጣት ወደ እኔ አልፏል።»

ሲመን ያለው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ቀና አላለም።

«ለሰውየው ንገሪው፤ እኔ የሰው ወሰን አላልፍም። የሚያልፉ ሌሎች አሉ።»

«ንገሪው እስቲ፤ ክሽክሽ ፓስፖርት የላትም።»

«ላኪ ግን አላት በይው።»

«እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም፤» አለች አፍየና ቀጣዩን ሳጥን አነሳች።

የሁለቱን ማሳ፣ መንደራቸው ብሬዛንድ ውስጥ፣ የሚለየው አንድ ቦይ ነው። አርባ ዓመት በቦዩ ላይ በተጋደመ ጣውላ ሲሻገሩ፣ እቃ ሲዋዋሱ፣ በልደት ቀን አንዱ ካንዱ ቤት ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ኖረዋል። አምና ግን ተቆጣጣሪው የሲመንን ሐምራዊ ማሳ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የታመመው አበባ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የማሳው ደረጃ ወረደ። ሲመን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ንጹሕ ማሳ የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ በሽታው ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። ቫይረሱን ተሸክማ የምትዞረው ትንሿ የቅጠል ተባይ፣ ክሽክሽ፣ ከቦዩ ማዶ በርራ መምጣት ነበረባት፤ ከቦዩ ማዶ ያለው ደግሞ ዌሰል ነው። ጣውላው በዚያው ሳምንት ተነሳ። የፊታችን ሰኞ የመንደሩ አምራቾች ይሰበሰባሉ፤ ሲመን ተነስቶ፣ ስም ጠርቶ፣ የዌሰል ማሳ ቆሻሻ ነው ሊል ቆርጧል። በጉባኤ እንዲህ የተባለ አምራች ዘሩን የሚገዛው አይኖርም። ዌሰልም ስሙን አጥቦ የሚያሰጣበት ዕድሜ የለውም።

አፍየ እውነቱን ታውቃለች።

ጸደይ ሲመጣ በየማሳው በሽታ ይለቀማል። የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የፊተኛው መስመር መስመሩን እያየ ይራመዳል። ቅጠል ላይ የነጣ ሰረዝ፣ አበባ ላይ እንደ ላባ የተበጠረ ቀለም ካየ፣ ከነራሱ ነቅሎ በትከሻው ባንጠለጠለው ከረጢት ይከታል። የኋለኛው፣ የፊተኛው ያለፈውን ይፈልጋል። ሲያገኝም በራሱ ከረጢት ይከታል እንጂ አይናገርም። ማታ ሁለቱ ከረጢቶች አንድ ጉድጓድ ላይ ይገለበጣሉ፤ የማን ስንት እንደሆነ አይጠየቅም። «ከኋላ የሚሄድ አይናገርም፤» ብሎ ያስተማራት አባቷ ነው፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቢነገረው የፊተኛው ሰው በራሱ ዐይን ማመን ይተዋል፤ በራሱ ዐይን የማያምን ሰው ደግሞ ጤነኛውን ሁሉ እየነቀለ ማሳውን ይጨርሰዋል።

ካቻምና ከኋላው ስትሄድ የእሷ ከረጢት ከአባቷ ከረጢት በለጠ። አምና ትከሻዋን አጎበጣት። በቀዩ ላይ አይደለም፣ በቢጫው ላይ አይደለም፤ በሐምራዊው ላይ ብቻ። አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን አያይም፤ እሷም ያመለጣት ነበር። ተቆጣጣሪው ያገኘው ያንን ነው።

ዝምታዋ መጀመሪያ ወግ ነበር፤ እየቆየ ፍርሃት ሆነ። ከሰኞ በፊት ካልተናገረች ግን አንድ ሰው በሌለበት ጥፋት ሊዋረድ ነው። ስለዚህ ቀኑን ቆረጠች፣ ቦታውንም መረጠች። አባቷ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና ሙዚየም።

የመጨረሻው ሳጥን ገጥሞ ሲያልቅ እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

«ሜዳው ለሕዝብ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት አለን። ሙዚየም እንግባ።»

«የአተር ሾርባ ነበር ያልሽኝ።»

«ሾርባው በኋላ።»

«ሥዕሉ አይቀዘቅዝም፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

«አባዬ፣ ና በቃ።»

መጣ። በሙዚየሙ ሆድ ውስጥ የሚያልፈውን የብስክሌት መንገድ ሲያቋርጡ አንዲት ሴት ደወል አቃጭላ ልትገጨው ደረሰች። «እዚህ ሰው የሚሞተው በብስክሌት ነው፤ ለዚህ ነው ሥዕሉን ቀድመው የሚያስሉት፤» አለ። ውስጥ ሲገቡ፣ እንደጠበቀችው፣ ቆቡን አወለቀና ድምፁን ቀነሰ። የቡትስ ጫማው ላይ የደረቀ አፈር በየደረጃው ይረግፋል።

ወደ አበባው ሥዕል ያደረሰችው እሷ ነች፤ እሱ ወደ መርከቦቹ ነበር የሚያዘነብለው። ሥዕሉ ትልቅ አይደለም። ጥቁር ጀርባ፣ የመስታወት ማሰሮ፣ ከማሰሮው ውስጥ በየአቅጣጫው የሚወጣ አበባ፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀንድ አውጣ። በአጠገባቸው የቆሙ ባልና ሚስት እየተንሾካሾኩ ያደንቃሉ። ጥግ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ያሠረች ጥበቃ እጆቿን ከኋላ አጣምራ ቆማለች።

ሲመን አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። ሥዕል እንደሚያይ ሰው አልነበረም፤ ዐይኑ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ መስመር ወረድ ብሎ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ።

«በሽተኛ ነች፤» አለ ቀይና ነጭ ቀለም የተበጠረባትን እያሳየ። «ያቺም። የዚያን ዘመን ሰው ለአንዷ በሽተኛ ቤቱን ይሸጥ ነበር፤ ታውቂያለሽ? እኔ ሃምሳ ዓመት ስንት ቤት ከረጢት ውስጥ ከትቼ ቀብሬያለሁ!»

ባልየው ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ሲመን በሰሚው ተበረታታ።

«ጎበዝ ሠዓሊ ነው። ቅጠሉን ሳይቀር አሳምሞታል። ሁለት በሽተኛ አለው፤ ቀይና ነጯ፣ ቢጫዋ። ሌላው ጤነኛ ነው።»

አፍየ ሦስተኛዋን አየቻት። ከማሰሮው ግርጌ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች አንገቷን ደፍታለች። ሐምራዊ ነች። በሐምራዊዋ ላይ የጠቆረ ሐምራዊ፣ ጥፍር ላይ እንዳለ ስንጥቅ ቀጭን፣ ከጫፍ እስከ ሆድ ወርዷል። እንደለመደችው እጇ ወደ ትከሻዋ ሄደ፤ የከረጢቱን ማንጠልጠያ ፈልጎ አጣ። ከብሬዛንድ ጀምሮ በመኪና ውስጥ ስትደረድረው የመጣችውን ንግግር ተወችው።

«ሦስት ናቸው፤» አለች።

«የት?»

«ታች። ሐምራዊዋ።»

ሲመን ሳቀ። «ዐይንሽን ነው እንጂ የታመመው! ሐምራዊዋማ እንደ ንጋት ጠል ንጹሕ ነች።»

«አባዬ፣ እያት።»

ጎንበስ አለ። ዐይኑን አጠበበ። አንድ እርምጃ ቀረበ፣ ደግሞ ግማሽ።

«አባት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሉልኝ፤» አለች ጥበቃዋ በቀስታ።

ወደ ኋላ አለ፤ ዐይኑ ግን ከሥዕሉ አልተነቀለም። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ የሚያወርደው አጥቶ የቀረ ዓይነት። ከዚያ ወደ ጥበቃዋ ዞረ።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ሥዕል ላይ ቀለማቸው የተበጠረ አበቦች ስንት ናቸው?»

«ሦስት፤» አለች ሴትየዋ ሳታይ። «አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ። የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ እናስቆጥራቸዋለን። ሐምራዊዋ ተደብቃለች፤ ግን ያገኟታል።»

«ልጆቹ ያገኟታል።»

«ሁሌም።»

ሲመን ቆቡን በሁለት እጁ እያዞረ ወደ መሐል ሄደና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጥበቃዋ ወደ አፍየ ጠጋ አለች። «የኔ እመቤት፣ ክፉ ነገር ተናገርኩ እንዴ?»

«የለም። እውነቱን ነው የተናገርሽው።»

አፍየ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ብዙ ሰው በፊታቸው አለፈ፤ እግር ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ካቻምና።»

«ስንት?»

«አባዬ፣ የማን ስንት እንደሆነ አይጠየቅም።»

«ስንት ነው ያልኩሽ?»

«ካቻምና ስልሳ ገደማ። አምና ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።»

«ሐምራዊው ላይ።»

«ሐምራዊው ላይ ብቻ። ሞራ ይመስለኛል፤ ዐይንህ ላይ። ሐኪም ይየው። ሞራ ይገፈፋል።»

«ይገፈፋል፤» አለ። «አምና በአፌ የዘራሁትስ ይገፈፋል?» ድምፁ አልጨመረም፤ እሷ ግን ቢጮህ ትመርጥ ነበር። «አንድ ዓመት ሙሉ ሰውየውን ስረግጠው አጠገቤ ቆመሽ ዝም አልሽ?»

«ከኋላ የሚሄድ አይናገርም ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ስለ አበባ ነው ያስተማርኩሽ። ስለ ሰው አይደለም።»

ትክክል ነበር። ዝም ያለችው ለእሱ ብላ እንደሆነ ለራሷ ስትነግር ከርማለች፤ ግን አምና በኅዳር የዌሰል ሚስት በጎረቤት መንደር ገበያ አይታት ፊቷን ስታዞር፣ እጇ የአትክልት ዘንቢሉን ሲያጠብቅ፣ አፍየ ያን ጊዜም ዝም ብላለች። ያኛው ለአባቷ አልነበረም።

«ፈራሁ፤» አለች።

«ምኑን?»

«ማሳ የማትወጣበትን ጸደይ።»

ሲመን ቆቡን አጠለቀ፤ ሙዚየም ውስጥ መሆኑን አስታወሰና መልሶ አወለቀው። «ሽንት ቤቱ የት ነው?» አለና ተነስቶ ሄደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል፤ ቅንድቡ ርጥብ ነበር። ሾርባውን ሳያነሳ ወደ ውጭ መራት።

ሜዳው ተለውጧል። ሰልፉ በበረዶ መንሸራተቻው ዙሪያ ተጠምጥሞ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ ሰዎቹ ከረጢት በእጃቸው ይዘዋል፣ ሕጻን በትከሻቸው ተሸክመዋል። ሰዓቱ ሞልቶ ገመዱ ሲነሳ ሕዝቡ በሳጥኖቹ መካከል ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ፈሰሰ። ሲመን ከቀዩ መደብ ጥግ እንደ ዘብ ቆመ። በሌላ ዓመት ቢሆን «ከሥር ያዢያት! አንገቷን አታንቂያት!» እያለ ሲፎክር ይውል ነበር።

አንዲት ወጣት የነቀለቻትን ገልብጣ አሳየችው። «ይቅርታ አባት፣ ይሄ ሽንኩርቱ ይበላል?»

«በዓለም ጦርነቱ የረሃብ ክረምት ሰው በልቶታል። እናቴ ጣዕሙን ስትጠየቅ ወሬ ትቀይር ነበር።»

ልጅቱ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ዐይኑ በልጅቱ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ቢጫው መደብ ሄዷል። ዌሰል ዘንድሮ ብቻውን ነው። የቢጫው መደብ መሐሉ ተነቅሎ አልቋል፤ ባዶ ሳጥኖች በመተላለፊያው ተበታትነው ሰው ይደናቀፍባቸዋል። ዌሰል አንዱን ለማንሳት ጎንበስ ይላል፣ ጉልበቱ እምቢ ይለዋል፣ ሳጥኑን በእግሩ ይገፋዋል።

አፍየ ልታግዘው ስትነሳ አባቷ በክንዱ አገዳት።

ሄደ። ሁለቱን መደቦች በሚለየው ጠባብ መንገድ ላይ ቆመ።

«ዌሰል።»

ዌሰል ቀና አለ። ስሙን ከዚያ አፍ ከሰማ ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ አፍየ ተመለከተ። «ምን አለ? ተርጉሚልኝ።»

«አጎቴ ዌሰል፣ ራሱ ይንገርህ፤» አለች።

«ሐምራዊው ከእኔ ነው፤» አለ ሲመን። በመካከላቸው እናትና ልጅ ቢጫ ታቅፈው ሲያልፉ ጠበቃቸው። «በሽታው ከቦይህ አልመጣም። እኔ ነኝ ያላየሁት። ዐይኔ ሐምራዊ ላይ ታውሯል።»

ዌሰል የተነቀለ የአበባ ቅጠል ከጓንቱ ላይ ለቀመ። አንድ፣ ሁለት።

«ከመቼ ጀምረህ ነው ያወቅከው?»

«ከሁለት ሰዓት በፊት።»

«ማን ነገረህ?»

«እሷ። ደግሞም አንዲት የሙዚየም ጥበቃ።»

«ጥበቃ!» ዌሰል አፉን በጓንቱ ሸፈነ። «ሃምሳ ዓመት በሽታ የለቀመ ሰው፣ ጥበቃ ነገረችው።»

«ሳቅ። ይገባሃል።»

«አልሳቅኩም። ሳል ነው።» ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ሰኞስ?»

«ሰኞ ተነስቼ እናገራለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አሁን ያልኩህን።»

«እንግዲያው አጭር አድርገው። አምና እቤቴ መጥተህ እኔን ስትሰድብ አርባ ደቂቃ ነው የፈጀብህ፤ ቡናችን በረደ።» ዌሰል ወደ ባዶዎቹ ሳጥኖች ዞሮ፣ ጀርባውን እንደሰጠ ተናገረ። «ለሚስቴ ለኔልትየ ግን እኔ አልነግርልህም። ዓመቱን ሙሉ ሱቅ የሄደችው ጎረቤት መንደር ድረስ ነው፤ በእኛ ሱቅ ሰው ያያታል ብላ። ቤቴ መጥተህ አንተ ራስህ ትነግራታለህ።»

«እመጣለሁ።»

«እንደ ድሮው ቡና ታፈላለች ብለህ እንዳትመጣ።»

«ቆሜ ነግሬያት እሄዳለሁ።»

አፍየም ወደ መንገዱ ገባች። «እኔም አውቅ ነበር፣ አጎቴ ዌሰል። ከእሱ በፊት። እኔም አብሬው እመጣለሁ።»

ዌሰል አያት። የተቆጣ ሰው አልመሰለም፤ የደከመው ሰው ነው የመሰለው። «አንቺን በዚህ ቁመትሽ ነው የማውቅሽ፤» አለ እጁን እስከ ቀበቶው ዝቅ አድርጎ። ያ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

ሲመን እጅጌውን ሰብስቦ ከመተላለፊያው የመጀመሪያውን ባዶ ሳጥን አነሳ። አፈሩን አራገፈ፣ ገልብጦ አስቀመጠ፣ ሁለተኛውን በላዩ ደረበ። ዌሰል «ተው» አላለውም፣ «እሰይ»ም አላለውም። ሳጥን ማቀበል ጀመረ። ከበረዶው ሜዳ ሙዚቃ ተነሳ፤ አንድ ሰው ተንሸራቶ ሲወድቅ ሕዝቡ «ኦ!» አለ።

አመሻሹ ላይ ሜዳው ላይ የቀረው ባዶ ሳጥንና የተረጋገጠ ቅጠል ነበር። አባትና ልጅ የራሳቸውን ጨርሰው የዌሰልን መጨረሻ ረድፍ ይሰበስባሉ። ዌሰል የጭነት መኪናውን ሊያመጣ ሄዷል።

«በጸደይ ከፊት አንቺ ነሽ፤» አለ ሲመን ድንገት። ሳጥን እያራገፈ ነበር፤ አላያትም።

«ከኋላስ?»

«ቀዩንና ቢጫውን ገና አያለሁ። ሐምራዊውን፣ እሺ ካለ፣ ዌሰልን ጠይቂው። እሺ ላይል ይችላል።»

«ላይል ይችላል።»

«ያን ጊዜ ሁለቴ ትሄጃለሽ። ጠዋት አንዴ፣ ደመና ሲሆን አንዴ።» ሌላ ሳጥን አነሳ። «አንድ ነገር ደግሞ። ከኋላሽ ስሄድ ያለፈሽን እነግርሻለሁ። በከረጢቴ ውስጥ አልደብቅብሽም።»

«እኔስ እጄ ቢንቀጠቀጥ?»

«ይንቀጥቀጥ። ይለመዳል።»

የመጨረሻውን ሳጥን አቀበለችው። ሲመን ከክምሩ አናት ላይ ገጥሞ አስቀመጠው፣ የማሠሪያውን ጠፍር በዙሪያው አሳልፎ ለእሷ ወረወረላት። እሷ ጫፉን በመቆለፊያው አሾልካ ሳበች፤ እሱ ክምሩን በትከሻው ደግፎ ያዘላት። አንዴ ነቅነቅ አደረገው። አልተንቀሳቀሰም። አፍየ የተረፈውን የጠፍር ጫፍ ጠቅልላ ከሥሩ ወሸቀችው፣ ጓንቷን አውልቃ በክምሩ ላይ አስቀመጠችው።